«አሳማ የለንም» መልስ አይደለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እዚህ ዓምድ ላይ ሙስሊም እንግዶችን በአንዲት መስመር ነካ አድርጌ አልፌ ነበር። ጥያቄው የበዛው በሷ ምክንያት ነው። አብዛኛው የመጣው ከፒያሳ፣ ከሜክሲኮ፣ ከስታዲየም አካባቢና ከመርካቶ ነው። ስም አልጽፍም፣ ሰፈርና ሥራ ይበቃል። እኔ ወሎዬ ነኝ፤ እናቴ ቤት ለዓመት በዓል ሁለት በግ ይታረድ ነበር፣ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለክርስቲያኖቹ አጎቶቼና ልጆቻቸው። በኋላ ደግሞ ብዙ ዓመት በአስጎብኚነት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ይሄን ጉዳይ ገና ሐላል ቱሪዝም የሚባል ስም ሳይወጣለት ነው የማውቀው።

*

ጥያቄ፦ «ቸርችል ጎዳና አጠገብ 11 ክፍል ያላት ፔንሲዮን አለችኝ። በቅርቡ የቱርክ ቤተሰብ አረፈብኝ። ገና ሻንጣቸውን ሳያወርዱ ‹ወጥ ቤታችሁ ሐላል ነው?› ብለው ጠየቁኝ። እኔም ኮራ ብዬ ‹አሳማ የሚባል ነገር ደጃችን አይደርስም› አልኳቸው። ፈገግ ብለው አመሰገኑኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ዳቦ፣ እንቁላልና ሙዝ በልተው ሄዱ። ልጆቹ አሳዘኑኝ። ምን አጥፍቼ ነው? በሬ ላይ ‹ሐላል› ብዬ ብለጥፍስ የቆየው ደንበኛዬ አይሸሸኝም?»

መልስ፦ እትዬ፣ አላጠፉም። ሌላ ጥያቄ ነው የመለሱት።

አሳማ እኛ አገር ብዙም ጥያቄ አይደለም። ሙስሊሙም አይበላው፣ ኦርቶዶክሱም አይበላው፤ ትልልቅ ሆቴሎች የፈረንጅ ቁርስ ላይ ካላቀረቡት በቀር ከየት ይመጣል? የእኛ ጥያቄ «ማን አረደው?» የሚል ነው። ይሄን እኮ እርስዎም ከእኔ እኩል ያውቁታል። ሥጋ ሊገዙ ሲወጡ በሩ ላይ መስቀል አለ ወይስ ጨረቃ ብለው አይተው አይደል የሚገቡት? ቄራም ብንሄድ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እርድ ለየብቻ ነው። ሠርግ ላይ ድንኳኑ አንድ ሆኖ ድስቱ ሁለት ነው። ለራሳችን ሲሆን እንዲህ ጠንቃቃ ነን፣ የውጭ እንግዳ ሲጠይቀን ግን ነገሩ ሁሉ አሳማ ብቻ ይመስለናል።

ቱርኩ አባት ሊያውቅ የፈለገው ሦስት ነገር ነው። እንስሳውን ሙስሊም በአላህ ስም አርዶታል ወይ? መጥበሻው፣ ቢላውና ዘይቱ ከሌላው ሥጋ ጋር ይነካካል ወይ? ምግቡ ውስጥ አልኮል ይገባል ወይ? እርስዎ «አሳማ የለም» ሲሉት ሦስቱንም አላወቀም። ሰውዬው ጨዋ ስለሆነ አላስጨነቀዎትም፣ ዳቦውን ገመጠ።

አንዳንዱ ሙስሊም እንግዳ የክርስቲያን እርድ ቢቀርብለት ይበላል። ቁርአን አምስተኛው ሱራ ላይ መጽሐፍ የተሰጣቸው ሰዎች ምግብ የተፈቀደ መሆኑ ተጽፏል፣ ይሄንን ይዘው የሚበሉ አሉ። ሌላው ደግሞ፣ እዚህ አገር ያለውን ሙስሊም ጨምሮ፣ አይነካውም። የእርስዎ ሥራ ፍርዱን መስጠት አይደለም። «ሥጋው ከዚህ ሥጋ ቤት ነው፣ ያረደው ክርስቲያን ነው» ብሎ መንገር ነው። የቀረውን ራሱ ይወስናል።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልምጣ። አይለጥፉ። ቢያንስ ዛሬ አይለጥፉ። «ሐላል» የሚል ወረቀት ስለ አንድ ሳህን አይደለም የሚያወራው፣ ስለ ወጥ ቤቱ በሙሉ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ማሌዥያውያን ይዤ በሩ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ወደለጠፈ ምግብ ቤት ገባሁ፤ ስሙ ይቅር። ጥብስ አዘዝን፣ መጣ፣ እጃችንን ታጠብን። አንደኛው በጣም በትሕትና «ሥጋውን ከየት ነው የምታመጡት?» ብሎ አስተናጋጁን ጠየቀው። ልጁ ምንም ክፋት የለው፣ በመስኮት ማዶ ያለውን ሥጋ ቤት በጣቱ አሳየን። በሩ ላይ መስቀል አለ። ሳህኑ ሳይነካ ቀረ። ሒሳቡንም ኀፍረቱንም የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ማታ ሆቴል እስክንደርስ ድረስ ማንም አልተነፈሰም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ወጥ ቤትዎን ሙሉ በሙሉ የሙስሊም ሥጋ ካደረጉት የፈሩት ይደርሳል። ክርስቲያን ደንበኛዎ ሥጋ አይበላልዎትም፣ እኔም አልፈርድበትም፣ እኔ ራሴ በተራዬ እንደዚያው ነኝ። 11 ክፍል ላላት ቤት የምመክረው ሌላ ነው፦ ሥጋውን ይተዉት። ቁርስና ቀለል ያለ እራት ብቻ ያቅርቡ። ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፉል፣ ፍርፍር፣ እንቁላል፣ ሩዝ በአትክልት። ዓሣም ይጨምሩ፤ ዓሣ እርድ አይፈልግም፣ ስለዚህ «ማን አረደው» የሚለው ጥያቄ አይነሳበትም። እግዜር ይስጣቸውና የአገሬ ክርስቲያኖች በዓመት ውስጥ ከጾም ውጭ ያለውን ቀን ለመቁጠር እስኪያቅት ስለሚጾሙ፣ ያለ ሥጋ ጥጋብ የሚሰጥ ምግብ መሥራት ላይ ማንም አይስተካከለንም። ቱርክና ዐረብ በያይነቱን ቀምሶ «ይሄ ሁሉ ሥጋ የለበትም?» ሲል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ሥጋ ካማራቸው ከሙስሊም ምግብ ቤት ያስመጡላቸው። መርካቶና ቦሌ ሚካኤል የሶማሌና የየመን ምግብ ቤት ሞልቷል፣ ሐኒዝና ማንዲ የሚባሉት የሥጋ ምግቦች ከነሩዛቸው በካርቶን ይመጣሉ። በካርቶኑ ይብሉት፣ በእርስዎ ሳህን አይገልብጡት። አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ መክተፊያና አንድ ቢላ ገዝተው ለብቻ ያስቀምጡ። ሠራተኞችዎ እንዳይሳሳቱበት እጀታው ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ይጠቅልሉበት፤ ይሄን ዘዴ የተማርኩት ከአንዲት የሠርግ ምግብ አብሳይ ነው።

ከዚያ አንድ ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛና ከተቻለ በቱርክኛ አጽፈው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፦ «ወጥ ቤታችን ሥጋ አያበስልም፣ ምግባችን አልኮል የለውም፣ ሐላል ሥጋ ከውጭ ልናዝዝልዎ እንችላለን።» ሐላል የሚል ትልቅ ጽሑፍ ደጅ ላይ ከመስቀል ይሄ መቶ እጥፍ ይታመናል።

አልኮል ስል ቢራውን ብቻ እንዳይመስልዎት። ጥብስ ላይ ወይን ጠጅ ጠብ የሚያደርግ አብሳይ አለ። ኬክ ውስጥ ሩም አለ። ጄሊና ማርሽማሎ ውስጥ ደግሞ ከምን እንስሳ እንደተሠራ የማይታወቅ ጄላቲን አለ። ብርዝና ቄነቶ ሲያቀርቡም ዕለቱን የተበጠበጠ ይሁን፤ ሦስት ቀን የቆየ ብርዝ ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል። ክፍል ውስጥ ትንሿ ፍሪጅ ካለች እነሱ ከመግባታቸው በፊት ቢራውን አውጥተው ውሃና ጁስ ያድርጉባት። ማሌዥያ በፈረንጆቹ 2015 ባወጣችው ለሙስሊም እንግዳ የሚስማማ መስተንግዶ መስፈርት ላይ ይሄ ተጽፏል፦ ፍሪጅ ውስጥ አልኮል አይኑር፣ ቂብላው፣ ሲሰገድ የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ ማለት ነው፣ ክፍሉ ውስጥ በምልክት ይታይ፣ መጸዳጃው ላይ የሚረጭ ውሃ ይኑር፣ ለመስገድ የሚበቃ ወለል ይኑር። ያስፈራል? አራቱም እርስዎ ቤት በአንድ ቀን የሚያልቁ ናቸው።

*

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሚኒባስ አለኝ፣ ቱሪስት አዞራለሁ። ብሔራዊ ሙዚየም፣ እንጦጦ፣ መርካቶ ነው መስመሬ። ሙስሊም እንግዶች ሲኖሩኝ የት ነው የማሰግዳቸው? ወዴት ዞረው እንደሚሰግዱስ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ደግሞ ሙስሊም ናችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ይሆን?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። «ሙስሊም ናችሁ?» አትበል። በስምና በሻሽ አትገምት፣ ስሙ አሕመድ ሆኖ የማይሰግድ አለ፣ ስሟ ሊንዳ ሆና አምስቱንም ሰላት የማታሳልፍ አለች። ማንንም እንግዳ ስትቀበል ጠዋት ላይ «ከምግብ የማትበሉት አለ? ለጸሎት መቆም የምትፈልጉበት ሰዓት አለ?» ብለህ ጠይቅ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ከሆነ ማንም አይከፋም።

አቅጣጫው ደግሞ ከአዲስ አበባ ቀላል ነው። መካ ከእኛ በቀጥታ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፣ 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለች። ርቀቷ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ከተማ ሰሜኑ ላይ ምን አለ? እንጦጦ! ስታዲየም ቁም፣ ፒያሳ ቁም፣ ሜክሲኮ ቁም፣ ተራራውን እያየህ «ወደዚያ ነው» በል። በስልክ ኮምፓስ የሚፈልጉም አሉ፣ ግን መኪናው አጠገብ ብረቱ ያሳስተዋልና ራቅ ብለው እንዲያዩት ንገራቸው። እንጦጦ ላይ ከወጣህ በኋላ ግን ተራራው አይጠቅምህም፤ እዚያ ጀርባችሁን ለከተማው ስጡ በላቸው።

መቆሚያውስ? ከሙዚየሙ ስትወጣ ቅርብህ ፒያሳ ያለው ኑር መስጊድ ነው፣ ብዙ ሰው በኒን ይለዋል። መርካቶ ከሆንክ ታላቁ አንዋር አለልህ። አንዋር ጋ መኪና ማቆም የሚባል ነገር እርሳው፣ ራቅ ብለህ አቁምና በእግር ግቡ። ሴቶች ካሉ አስቀድመህ የእነሱ መግቢያ በየት በኩል እንደሆነ በር ላይ ያሉትን ጠይቅ፤ ሴቶቹን በር ላይ አቁሞ ወንዶቹን ይዞ የሚገባ አስጎብኚ አይቻለሁ፣ በጣም ያስቀይማል።

ሰዓቱ ላይ ሁለት ነገር ያዝ። አንደኛ፣ መንገደኛ ቅለት አለው። አራት ረከዓ (ዙር) የሆነውን ሰላት ሁለት አድርጎ ያሳጥራል፣ ብዙዎቹ ደግሞ ዙህርን (የቀትሩን) ከዐስር (ከሰዓት በኋላው)፣ መግሪብን (የምሽቱን) ከዒሻ (የሌሊቱ) ያጣምራሉ። ያን ጊዜ ቀን ላይ አንድ መቆሚያ ይበቃሃል። ግን ሁሉም አያጣምሩም፤ የሐነፊ መዝሀብ (የሕግ መንገድ) ተከታዮቹ፣ እንደ ቱርክና ፓኪስታን ያሉት ማለት ነው፣ በአብዛኛው ያሳጥራሉ እንጂ አያጣምሩም። ስለዚህ ጠይቅ እንጂ «ትናንት የያዝኳቸው አንዴ ብቻ ነው የቆሙት» ብለህ አትከራከር። ሁለተኛ፣ የእኛን ሰዓት ለእንግዳ አትንገር። «ሰባት ሰዓት እንቆማለን» ስትለው እሱ የሚሰማው ሌላ ነው። ዙህር አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ በእኛ ከ6:10 እስከ 6:40 ባለው ውስጥ ይገባል፣ በእነሱ ከ12:10 እስከ 12:40 ብለህ ንገራቸው። ዓርብ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መርካቶን በመኪና አትሞክራት። ሰጋጁ ከመስጊዱ አልፎ አስፋልቱ ላይ ነው። ይልቅ እንግዳህ ጁሙዓ ልስገድ ካለ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አድርሰው፣ አንተ ሂድና ምሳህን ብላ።

አንድ ነገር ልጨምር። መስገጃ ምንጣፍ ሁለት ገዝተህ ከወንበሩ ሥር አድርግ፣ አጠገቡ ሁለት ሊትር ውሃ በሃይላንድ። የትኛውም መስጊድ ሳይደረስ መንገድ ሲዘጋጋ፣ ያው እንደምታውቀው ከሜክሲኮ ፒያሳ አንድ ሰዓት ሲፈጅ፣ እንግዳው ዉዱእ (የሰላት ትጥበት) አድርጎ ጥግ ላይ ይሰግዳል፣ አንተም ስምህ በጥሩ ይነሳል።

*

ጥያቄ፦ «ሜክሲኮ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። አንዲት ዐረብ ሴትዮ መጸዳጃ ቤት ገብታ ወጣችና በምልክት ውሃ ስጪኝ አለችኝ። የሚጠጣ ውሃ አመጣሁላት። ተቆጣች። ምን ነበር የፈለገችው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጆግ ነው የፈለገችው። በሶፍት ብቻ መጥረግ ለብዙ ሙስሊም አይበቃውም፣ በውሃ መታጠብን ይመርጣል። አለቃሽን የሚረጨውን ቀጭን የውሃ ቱቦ ያስገጥም በዪው፣ የቧንቧ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እስከዚያ ንጹሕ የፕላስቲክ ጆግ ከቧንቧው ሥር ይቀመጥ፣ የወለል መወልወያው ባልዲ ጋ ሳይሆን ለብቻው። ዉዱእ ለማድረግ እግሩን መታጠቢያ ገንዳው ላይ የሚያወጣ ካጋጠመሽም አትደንግጪ፤ ወለሉን ማድረቂያ ይዘሽ ጠብቂ።

*

ጥያቄ፦ «ስታዲየም አካባቢ ባለ ሆቴል ሪሴፕሽን እሠራለሁ። በረመዳን የጅቡቲና የሱዳን እንግዶች በጣም ይመጣሉ። ማታ ሁሉም በአንዴ ይጠይቃሉ፣ ሌሊት ደግሞ ወጥ ቤት የለም። ቁርስ አካቶ የተከፈለ ክፍል ላይ ‹ቁርሳችንን አልበላንም፣ ብራችን ይመለስ› ያለኝም አለ። እንዴት እንያዘው?»

መልስ፦ ሰውዬው ልክ ነው። ላልበላው ቁርስ ለምን ይከፍላል? ብሩን ከመመለስ ግን ቁርሱን ወደ ሱሁር፣ ጾመኛ ከንጋት በፊት ወደሚበላው ምግብ፣ ቀይሩለት፣ ሁለታችሁም ትተርፋላችሁ።

የእኛ ከተማ ለጾመኛ ምቹ ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀንና ሌሊቱ ብዙ አይለዋወጥም፤ አውሮፓ በበጋ 18 ሰዓት ሲጾም እዚህ ረመዳን በየትኛውም ወር ቢውል 13 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ይሄን ማስታወቂያ ላይ የጻፈ ሆቴል እስካሁን አላየሁም፣ ይገርመኛል።

ሱሁር ለማቅረብ ሙሉ ወጥ ቤት አያስፈልግም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በየክፍሉ ስልክ ደውላችሁ የሚፈልገውን ቁጠሩ። አንድ ሠራተኛ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይነሳ፣ ፉል ያሙቅ፣ እንቁላል ይቀቅል፣ እርጎ፣ ዳቦ፣ ሙዝና ሻይ ያቅርብ። ሰዓቱ እንደ ወሩ ስለሚለያይ የመስጊዱን የሰላት ሰሌዳ አስመጥታችሁ ሪሴፕሽን ላይ ለጥፉት፣ በራሳችሁ ግምት ማንንም አታስጀምሩ። የመግሪብ አዛን ሲል ደግሞ ቴምርና ውሃ መግቢያው ላይ በትሪ ይቅረብ፣ ዋናው እራት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይሁን፤ ብዙው ሰው በቴምር አፍጥሮ ሰግዶ ነው ወደ ገበታ የሚመለሰው። ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ጣፋጩ ሙሸበክ ካለ አለቀ። ሁሉም በአንዴ የሚጠይቃችሁ ሁሉም የሚያፈጥረው በአንድ ደቂቃ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ቀድሞ የተቀመጠ ትሪ ግርግሩን ያጠፋዋል።

ሠራተኞቻችሁም ይታሰቡ። በ2018 የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ጾም፣ እንግዳው ጾም፣ አብሳዩ ጾም! ያን ጊዜ አንድ ሆቴል ለሁለቱም ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የተሠራ አንድ ሾርባ አቅርቦ አንድ ድስት ብቻ አጥቧል።

የዒድ ለት ደግሞ ለእንግዶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሰላቱ ስታዲየምና ዙሪያው ጎዳናዎች ላይ ነው፣ እናንተ ደጅ ማለት ነው። ጠዋት መኪና አይገባም አይወጣም። በረራ ያለው በሌሊት ይውጣ። የመስገድ ሐሳብ ያለው ግን ዕድለኛ ነው፣ ከአልጋው ወርዶ በእግሩ ይደርሳል፤ ለዚህ ብቻ ሲል የእናንተን ሆቴል የሚመርጥ አለ፣ ዋጋ አትጨምሩበት።

*

ጥያቄ፦ «ሐላል ቱሪዝም፣ ሐላል ሆቴል… ሃይማኖትን ንግድ ውስጥ ማስገባት ሰውን መከፋፈል አይሆንም? እንግዳ እንግዳ ነው፣ ያለውን ይብላ። ከአራት ኪሎ ነው የምጽፈው።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዐቢይ ጾም ላይ ለሥራ ፍራንክፈርት ብትሄድና አስተናጋጁ «ሰላጣ አለ፣ አይብ ነው እንጂ ሥጋ የለበትም» ቢልህ ምን ይሰማሃል? አይብ ጾም አይደለም ብለህ ማስረዳት ትጀምራለህ፣ እሱ ደግሞ ለምን እንደማትበላ አይገባውም፣ አንተም ዳቦ ትገምጣለህ። የቱርኩ አባት ማለት ነህ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እኮ የጾም ምግብም የሙስሊም ምግብም አስቀድሞ ላዘዘ ያቀርባል፣ አውሮፕላኑ ለሁለት አልተከፈለም።

ንግድ ነው ላልከው፣ አዎ ንግድ ነው። ሲንጋፖር የሙስሊም አገር አይደለችም፣ ግን ከእስልምና ትብብር ድርጅት አባላት ውጭ ካሉት አገሮች ሙስሊም መንገደኛን በማስተናገድ ከፊት ከሚሰለፉት አንዷ ናት። ሙስሊም መንገደኛ የሚመችበትን አገር በደረጃ የሚያወጣው ክሬሰንት ሬቲንግ የተባለው ድርጅትም በ2008 የተቋቋመው እዚያው ነው፣ ከ2015 ጀምሮም ከማስተርካርድ ጋር ሆኖ በየጊዜው ያወጣዋል፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። እኛም የእስልምና ትብብር ድርጅት አባል አይደለንም፣ ሆኖም ቢሾፍቱና ሞጆ ያሉት ቄራዎች በሐላል የታረደ ሥጋ ወደ ዐረብ አገሮች ይልካሉ። ሥጋችን ሐላል ሆኖ እዚያ ድረስ ከሄደ፣ ሰውየው እዚህ ሲመጣ ለምን ዳቦ ይገምጣል?

መከፋፈል ላልከውም ቢሆን ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ዘመኑ እንዲህ ነው። ግን የመስቀልና የጨረቃ ሥጋ ቤት ጎን ለጎን ሆነው የኖሩት በዚህችው ከተማ ነው፣ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም መርካቶ ላይ ጎረቤት ናቸው። ሰው የተጣላው በሁለት ድስት ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ 1966 ሙስሊሙ ሰልፍ ወጥቶ «በዓላችን በአገሩ ይከበር» ያለው እና ሦስቱ በዓላት ከዚያ በኋላ የሥራ ዝግ ቀን የሆኑት፣ ሰው ያለበትን አገር የራሴ ነው ብሎ እንዲኖርበት ነው። ለእንግዳም ነገሩ ከዚያ አይርቅም።

*

ጥያቄ፦ «ከሚኒሶታ ነው የምጽፈው። ከእናቴ ጋር ‹ከኢድ እስከ ኢድ› በተባለው የዲያስፖራ የአገር ቤት ጥሪ ጊዜ መጥተን ነበር፣ ግን ዘመድ ስንጠይቅ አለቀ። አሁን በድጋሚ ልንመጣ ነው። እናቴ 70 አልፏታል፣ እግሯን ያማታል። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ቀን አለን። ቡናና ገበያ ብቻ ሳይሆን የእኛን ታሪክ የምታይበት ቦታ ንገረኝ።»

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ እንዳልል ገና ናችሁ፣ እንኳን በደህና ያምጣችሁ። በ2014 ብዙ ሰው እንደናንተ ዘመድ ቤት ለዘመድ ቤት ሲዞር ከተማዋን ሳያይ ተመልሷል።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ጉለሌ ሂዱ፣ ሾጎሌ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሼክ ሆጀሌ ነው፤ የቤንሻንጉል ገዥ የነበሩት፣ በምኒልክ ዘመን ወደዚህ የመጡት። በስማቸው የሚጠራው መስጊድ አዲስ አበባ ላይ ካሉት አሮጌዎቹ አንዱ ነው። ፀጥ ያለ ነው፣ እማማ ቁጭ ብለው ያርፉበታል። ከዚያ አንዋር። በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው፣ መርካቶ ራሷም አሁን ያለችበት ቦታ የያዘችው በዚያው ዘመን ነው። ዓርብ አታድርጉት፣ ለሳቸው እግር ግፊያው ከባድ ነው፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪናው እስከሚችለው ይጠጋ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ሻሽ ለሁለታችሁ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ ከሆነ ታጣፊ በርጩማ ያዙ።

በሁለተኛው ቀን ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም። ደረጃ አለውና ቀስ በሉ። ከሰዓት ፒያሳ ውረዱና ኑር መስጊድ ስገዱ። ፒያሳን በልጅነትሽ ባየሻት አትፈልጊያት፤ በ2016 በኮሪደር ልማት ብዙው አሮጌ ቤት ፈርሷል፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ የምግብ ቤት ጥቆማ ይዘሽ ከመጣሽ በሩን አታገኚውም። ቀድመሽ ደውይ።

አንድ ቀን ብትጨምሩ ሐረር እላችሁ ነበር። ጀጎል በ1998 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ የገባች ናት፣ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግንቡ ውስጥ መንገዱ ጠባብና ሽቅብ ስለሆነ ለእናትሽ ባጃጅ ያዢላቸው። ትግራይ ያለው ነጃሺ መስጊድ ደግሞ፣ በፈረንጆቹ 615 ከመካ ተሰደው የመጡት ሶሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) የሚታሰቡበት፣ ጦርነቱ ጎድቶት ነበር፤ እሱን መንገዱንና ሁኔታውን እዚያው ካሉ ሰዎች አጣርታችሁ ለሌላ ጉዞ አቆዩት።

የአውሮፕላን ምግባችሁን ቲኬት ስትቆርጡ «የሙስሊም ምግብ» ብላችሁ እዘዙ፣ ኮዱ ኤም ኦ ኤም ኤል ነው። ለእናትሽም ዊልቸር በዚያው እዘዢ፣ ቦሌ ላይ ከበር እስከ ሻንጣ መቀበያው ሩቅ ነው።